ታዬ፣ አንሳኝ!

ምራቴ ሰብለ ሰላጣ ላይ አቼቶ ስታፈስ እጇን አትመጥንም። ጾም በመጣ ቁጥር ቤቱ በሙሉ አቼቶ አቼቶ ይላል። ልጄ «ኧረ ሴትዮ፣ ልትፈጂን ነው እንዴ?» ይላታል፣ እኔ ደግሞ ሳህኔን ገፋ አደርጋለሁ። «አባባ ሰላጣ አይወዱም» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታልኛለች። ሰላጣስ እወዳለሁ። አቼቶው ነው የማያስበላኝ። ሌላው ሰው አቼቶ ሲሸተው ቲማቲምና ቃሪያ ይታየው ይሆናል፤ እኔ የሚታየኝ ከአጠና ተራ ከፍ ብሎ የነበረው ፎቶ ቤቴ፣ ከጀርባው የነበረችው ቁም ሣጥን የምታክል ጨለማ ክፍል፣ ቀይ አምፖሏና ፎቶ የማጥብባቸው ሦስቱ ሳህኖች ናቸው። ያኔ የፎቶ መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ በሁለተኛው ሳህን የምጠቀመው አቼቶ ነበር። የዚያን ዘመን የኮልፌ ሰው ግማሹ ጉርድ ፎቶው በአቼቶ የታጠበ ነው። ማንም አላወቀም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ያልተናገርኩት ግን እሱን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ረጋ ያለ የሴት ድምፅ ነው። «ጋሽ ታዬ፣ ባለ ፎቶ ቤቱ ነዎት? ትዕግስት እባላለሁ። የሐብቴ ልጅ ነኝ፣ የአኮርዲዮኑ።» እሷ ቀጠለች፤ የአባቷን ዘፈኖች ወጣቶች ተለማምደዋቸዋል፣ በመታሰቢያው ቀን አዳራሽ ተከራይተው ሊጫወቷቸው ነው፣ መድረኩ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ግን አልተገኘም። «ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ ሣጥኑን ዝናብ መታው። ያለችኝ ከመታወቂያው ላይ የተነቀለች አንዲት ጉርድ ብቻ ናት» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞም እርስዎን በአካል ሳላመሰግን ብቀር የእናቴ አጥንት ይወቅሰኛል» አለች። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። «ሐሙስ ልምጣ?» ስትል ከሩቁ ይሰማኛል። ነይ አልኳት፤ ምን ልላት ኖሯል?

ሐብቴ የሚዘፍንበት ክለብ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስም ነበረው፤ በዚያ ስም የጠራው ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ቆርቆሮው» ነበር የሚባለው። ከአጠና ተራ ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው። ዝናብ ሲመጣ ዘፋኝ አይሰማም፤ አጠገብህ ያለው ሰው እንኳን አይሰማም። ዛሬ ቦታው ላይ ስድስት ፎቅ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ስልክ ይሸጥበታል፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እዚያ በር ላይ አንድ ጊዜ ቆሜ «እዚህ ጋ እኮ መድረኩ ነበር» ብለው ዘበኛው «አባት፣ መንገድ አይዝጉ» አለኝ። አልፈርድበትም። የክለቡ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ነፍሷን ይማርና፣ እሷን ራሷን የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል።

ያኔ ሰዓት እላፊ የሚሉት ነገር ነበረና ማታውን ለጅብ ትተንለት የኛ ጭፈራ እሁድ ከምሳ በኋላ ነበር። መግቢያ ሁለት ብር፣ ከነለስላሳው። ቢራ የሚጠጣ ብር ከሃያ አምስት ይጨምራል፤ እሱም ካለ ነው፣ አንዳንድ እሁድ አስካለ «ቢራ የለም፣ ሐብቴ አለ!» ብላ ትሸኝሃለች። የኮልፌ ጭቃ መቼም የታወቀ ነው። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በካውያ ተኩሰው፣ ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዘው፣ በላስቲክ ጫማ ይመጡና በር ላይ ይቀይራሉ። የላስቲክ ጫማው በሩ ሥር ተደርድሮ ሲታይ መስጊድ ደጃፍ ይመስላል። ወንዱ የቴትሮን ሱሪ፣ ከጉልበት በታች የሰፋ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ኮቱ ላይ የተዘረጋ። እኔም ነበረኝ፣ ቡና ዓይነት፤ ዛሬ ልጆቼ ፎቶውን አይተው በሳቅ ይሞታሉ። ፓስታ የሚመዘንበት፣ ሳሙና በቀበሌ ካርድ የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ ሰው ከየት አምጥቶ እንደዚያ ያምርበት እንደነበር እኔንም ይገርመኛል።

ሐብቴ አጭር፣ ደንደን ያለ፣ እጁ የሰፋ ሰው ነበር። በአዘቦት ቀን አጠና ተራ ነው የሚሠራው፤ ከጭነት መኪና የሚወርደውን አጠና እየቆጠረ ያስረክባል። እሁድ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ ሲያስር ግን ሌላ ሰው ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ከኮቱ አይለቅም፤ ሲዘፍን ፊት የተቀመጠው ሰው ይሸተዋል። አንድ ኮት ብቻ ነበረችው፣ ትከሻዋ በአኮርዲዮኑ ማሰሪያ አልቆ ቆዳ የተለጠፈባት። ያ አኮርዲዮን እንዴት እንደሚከብድ የያዘው ያውቀዋል፤ እኔ አንዴ ተሸክሜው ወገቤን ሦስት ቀን አሞኛል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሐብቴ ዘፈኑን ያቆምና ጣሪያውን ቀና ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ የዝናቡን ምት ይዞ በጣቱ ብቻ ይገባል። ዝናቡ ሲያባራ ድምፁ ከመሃል ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። የማወራለት ሰው ሲኖር «አጋነንክ» ይለኛል፣ ተዉት።

እኔ በየእሁዱ ሩሲያ ሠራሽ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከመድረኩ ሥር እቆማለሁ። መግቢያ አልከፍልም፤ ፎቶ ለሚነሱት ሰዎች ሠርቼ እሸጣለሁ፣ ለሐብቴ ግን በነጻ ነው። እወደው ነበራ! ሐብቴ የመጨረሻውን ዘፈን ሲጨርስ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። አኮርዲዮኑ ከብዶት መነሳት ያቅተዋል፣ ወይም ያቃተው ይመስላል። አንድ እጁን ወደኔ ይዘረጋና በማይኩ «ታዬ፣ አንሳኝ!» ይላል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አንሳው!» ይላል። እኔ ፍላሹን አበራበታለሁ፣ ከዚያ ካሜራዬን ወደ ጎን አድርጌ እጁን ይዤ ብድግ አደርገዋለሁ። «አያችሁ? ሌላውን ሰው አንዴ ነው የሚያነሱት፣ እኔን ግን ታዬ ሁለቴ ነው የሚያነሳኝ!» ሲል ቤቱ ይናጋል። በየሳምንቱ ያው ቀልድ ነው፣ በየሳምንቱ ያው ሳቅ። የሰለቸው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛችን ሸምሱ ነው። ከፎቶ ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ። ስልጤ ነው፣ ቁጥብ፣ አንድ ቃል ለመናገር አሥር ጊዜ የሚያስብ። ቢራ ስለማይጠጣ ለስላሳውን ይዞ ከፊት ጠረጴዛ ይቀመጥና ቴፑን ከፍቶ ሐብቴን ይቀዳል። ዛሬ የሐብቴ ድምፅ በዓለም ላይ ካለ በሸምሱ ካሴት ነው።

እንግዲህ የዚያን እሁድ ነገር ልናገር። ክረምት ሊወጣ ሲል ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የእርጥብ ኮት ሽታ ያፍናል። ሐብቴ ፊቱ አመድ መስሎ ላቡ ይወርዳል። አይቼዋለሁ። ሙቀቱ ነው አልኩ። የመጨረሻውን ዘፈን ገና ሳያገባድድ ተንበረከከ። ከዚያ በጎኑ ዘንበል አለና መድረኩ ላይ ቁጭ አለ፣ አኮርዲዮኑ ተከፍቶ ረጅም ድምፅ አወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አዲስ ቀልድ ያመጣ መሰለው። እጁን ወደኔ ዘረጋ። ማይኩ አጠገቡ ወድቋል። «ታዬ… አንሳኝ» አለ። ሕዝቡ «አንሳው!» አለ።

አስተናጋጁ ደሳለኝ ከሁላችንም በላይ ገባው መሰለኝ፣ ትሪውን አስቀምጦ ወደ መድረኩ ተራመደ። ከፎቶው ውስጥ ሊገባብኝ ነው ብዬ ደረቱን በክንዴ መለስኩት። «ቆይ፣ እኔ ላንሳው!» አልኩት። ደሳለኝ ቆመ። ምን ያድርግ? እኔ ላንሳው አልኩ፣ እሱ የሰማው ሌላ ነው። አንድ አነሳሁ። ባትሪዬ ደክሞ ስለነበር ፍላሹ ቶሎ አይሞላም፤ ቀይዋ መብራት እስክትበራ መጠበቅ ነበረብኝ። ጠበቅኩ። ሰዉም ጠበቀ፣ ታዬ ሊያነሳው ነዋ! ሐብቴ እጁን አላወረደም፣ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ሁለተኛ አነሳሁ። እንዴት ያለ ፎቶ ነው እያልኩ ነበር በሆዴ፤ እንዲህ ዓይነት ፊት አሳይቶኝ አያውቅም እያልኩ። ሦስተኛውን ልድገም ብዬ መብራቷን ስጠብቅ ሸምሱ ጠረጴዛውን ገልብጦ ዘለለ። «ያ አላህ! ሰውዬው እየሞተ እኮ ነው!» ከነአኮርዲዮኑ አቅፎ አነሳው። አወጡት፣ ታክሲ ተገኘ፣ ታክሲው ጭቃ ያዘውና ተገፋ። እኔ ፊልሙን ጠቅልዬ ስወጣ ሄደዋል። ሐብቴ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ፣ ሸምሱ ጉልበት ላይ ሞተ።

ልቡ ነው አሉ። ቶሎ ብታነሱትም አይተርፍም ነበር የሚል ሰው አለ፣ ይተርፍ ነበር የሚልም አለ። እኔ የማውቀው ያንን ፊልም አጥቤ ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ስጥለው መጀመሪያ የወጣው እጁ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ዓይኑ ወጣ። ሲቀልድ የነበረ ሰው ዓይን አልነበረም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አቼቶው አፍንጫዬን እያቃጠለው አፈር በበላሁ እያልኩ ተቀመጥኩ።

ለቅሶው ድንኳን ስገባ ሚስቱ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ እየወደቀች መጣች። ትዕግስት ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቀሚሷን ይዛ ትከተላለች። ጥሩወርቅ እጄን ይዛ ሳመችው። «አንተ ነህ አሉ ያነሳኸው! ወድቆ እንዳይቀር ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ!» ያወራላት የአዳራሹ ሰው ነው፤ ሰዉ ሁሉ «እኔ ላንሳው» ስል ሰምቷል፣ በግርግሩ ማን እንዳነሳው ግን የለየ የለም። ድንኳኑ ሙሉ አየኝ። «አዎ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያነሳሁት።» ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እሱም አይደለም። ሸምሱ አጠገቤ ነበር። ዞር ብሎ አየኝና ወደ መሬት አቀረቀረ። ስንመለስ ፎቶ ቤቱ በር ላይ የሱቁን ቁልፍ እያወጣ «አማርኛ ጥሩ ቋንቋ ነው» አለኝ። «ለሁሉም ይሆናል።» ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር አላነሳብኝም።

የዚያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ምን ነበረበት! ሳምንት አለፈ፣ አርባው ደረሰ፣ ሙት ዓመቱ መጣ። ጥሩወርቅ በየዓመቱ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን ተሳልማ ስትመለስ ድፎ ዳቦ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። «ላነሳልኝ ሰው ነው» ትላለች። ዳቦውን በላሁ። አስቡት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ዳቦ በላሁ! ደግሞ ሥራዬ ሆነና በቀን ሠላሳ አርባ ሰው በሬን ገፋ አድርጎ ገብቶ «አንሳኝ» ይለኛል። ለመታወቂያ አንሳኝ፣ ለፓስፖርት አንሳኝ፣ ከነልጄ አንሳኝ። እያንዳንዱን ስሰማ አንዴ ደንገጥ እላለሁ። ሰዉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ሌሎቹ ፎቶ ቤቶች አለቀሱ፤ እኔ ግን ዘግቼ ቤቴ ስገባ እፎይ አልኩ። ሸምሱ ካቻምና ሲሞት ቀብሩ ላይ እንደ ወንድም አልቅሻለሁ፣ ግን ከለቅሶዬ ሥር አንድ ነገር ቀለል አለኝ። የሚያውቅ የለም አልኩ። ሰው በጓደኛው ሞት ይገላገላል? እኔ ተገላገልኩ፣ እንግዲህ ይኼን ያህል ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰብለ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጉልበቴ ካበቃለት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሶፋ ላይ ካስቀመጡኝ ያው እዚያው ነኝ። የሐብቴ ፎቶዎች በፖስታ ናቸው፣ ሃያ አንድ። የዚያን እሁዷን ከሥር አገኘኋትና አውጥቼ ትራስ ሥር ከተትኳት። ቆየት ብዬ መለስኳት። እንደገና አወጣኋት። በሩ ሲንኳኳ የት እንዳለች ራሴም አላውቅም ብል ደስ ባለኝ፣ ግን አውቅ ነበር። ከሌሎቹ ጋር መልሻታለሁ።

ትዕግስት አባቷን ነው የምትመስለው፣ ያው ሰፊ እጅ ነው። ገና ከመግባቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም አለች። «ኧረ በስላሴ፣ ተይ ልጄ!» አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሰብለ ሻይ አመጣች።

«እናቴ እስክትሞት ስትመርቅዎት ነበር» አለችኝ። «ሸምሱ የሰጣት ካሴት አለ፤ የመጨረሻው ቀን የተቀዳ። መጨረሻው ላይ አባቴ ‹ታዬ አንሳኝ› ይላል። ከዚያ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል፣ ‹ቆይ፣ እኔ ላንሳው› ይላሉ። ከዚያ ካሴቱ ያልቃል። ልጅ ሆኜ እሷን ቦታ እየመለስኩ እሰማ ነበር። ቢያንስ ሲጠራ የደረሰለት ሰው አለ እላለሁ።»

ሸምሱ ያንን ካሴት ለምን እንደሰጣቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለኔ አስቦ ይሆን? ወይስ አንድ ቀን እንዲገባቸው? ቆርቆሮውን ከፍቼ ፖስታውን ሰጠኋት።

አንድ በአንድ አየቻቸው። «ውይ ኮቷ!» ትላለች፤ «ውይ ሲስቅ ጥርሱ!» የሴቶቹን ጸጉር አይታ ሳቀች፣ የአስካለን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ለትንሽ ጊዜ እኔም ረስቼው አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ የመጨረሻዋን አወጣች።

«እንዴ!» አለች፤ ፊቷ በራ። «ጋሽ ታዬ፣ ይኼማ ልዩ ነው! እጁን እንዴት እንደዘረጋው! ወደኔ የዘረጋ ነው የሚመስለው። ለመድረኩ ይኼ ነው የሚሆነው፣ ትልቅ ተደርጎ…»

ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። በብርሃኑ ስታየው ጀርባዋን ነበር የማየው። ማይኩ መሬት ላይ መሆኑን አየች መሰለኝ። የአኮርዲዮኑ አንድ ማሰሪያ ከትከሻው መውረዱን፣ በጎን በኩል የቆመው አስተናጋጅ የተከለከለ ሰው አቋቋም መቆሙን፣ ዓይኑን። ስትዞር ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር።

«ይኼ የዚያን ዕለት ነው?»

«አዎ።»

«ማን ነው ያነሳው?»

«እኔ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«አባቴንስ?»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ሳስበው ይህን ያህል አጭር አልነበረም። «ሸምሱ» አልኳት። «ሸምሱ ነው ያነሳው። እኔ መብራቷ እስክትበራ እየጠበቅኩ ነበር።» መብራቷ ምን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። የሻይዋን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሃል ገፋችው፣ እንዳይወድቅ ይሆናል። ሌሎቹን ፎቶዎች ወደ ፖስታው መልሳ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠቻቸው። ያቺን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። «ደህና ዋሉ» አለችኝ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቶ ነበር።

ቆርቆሮው ጭኔ ላይ እንዳለ ቆየሁ። ሰብለ ከወጥ ቤት ወጥታ እንግዳዋን ብታጣት ግራ ገባት። ሰላጣ እየሠራች ነበር መሰለኝ፣ እጇ አቼቶ አቼቶ ይላል። ምሳ ደርሷል፣ ወደ ጠረጴዛው ልትወስደኝ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

«አባባ፣ ላንሳዎት?»

«ተይኝ» አልኳት። «እዚሁ ልቀመጥ።»